የተተኮሰው ሸክላ

ሰፈር ውስጥ «ተኳሿ» እያሉ ሲጠሯት የሰማ እንግዳ ሰው ደንገጥ ይላል። ጠመንጃ ነክታ አታውቅም፤ የምትተኩሰው ልብስ ነው። ከአውቶቡስ ማዞሪያው ፊት ለፊት ያለው ላውንድሪ ከተከፈተ ጀምሮ የመተኮሻ ጠረጴዛው የእሷ ነው። ባለቤቶቹ ተቀያይረዋል፣ ማሽኖቹ ተቀያይረዋል፣ ግድግዳውም ስንት ዓይነት ቀለም ተቀብቷል፤ እሷ ግን ካውያዋን ይዛ እዚያው መስኮቱ ሥር አለች። ቅጽል ስሙን ያወጣላት የባሏ ጓደኛ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ስትሰማው ትቆጣ ነበር፤ ኋላ ኋላ ራሷም ስልክ ስታነሳ «ተኳሿ ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?» ማለት ጀመረችና ስሙ በዚያው ጸና።

እጇ የተባረከ ነው። ጣቷን በምራቋ ታረጥብና የካውያውን ሆድ ጠቅ ታደርገዋለች፤ «ጭስ» የሚለው ድምፅ ብቻ ሙቀቱ ለሐር ይሁን ለጥጥ ይነግራታል። ሸሚዝ ስትተኩስ ከኮሌታው ትጀምራለች፣ ጫፉ እንዳይሸበሸብ ከዳር ወደ መሃል። የሱሪ መስመር ካወጣች ደግሞ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥበትም አይጠፋም። ደንበኞች «በተኳሿ መስመር ዳቦ ይቆረጣል» እያሉ ይቀልዳሉ። ጉራ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ይህን ሲሏት ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ፈገግ እንደምትል ሁሉም ያውቃል።

አንድ አመል አለባት። ስትተኩስ ታንጎራጉራለች። ካውያው ወደ ፊት ሲሄድ ዜማው ከፍ ይላል፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ዝቅ ይላል፣ እንፋሎቱ «ፍሽ» ሲል ደግሞ አንድ ጊዜ ቆም ብላ ትንፋሿን ትሰበስባለች። አብራት የምትሠራው አጣቢ አንድ ቀን «እትዬ፣ ይሄ ዘፈን ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቃት ዓይኗን አፍጥጣ «የቱ ዘፈን? እኔ አፌንም አልከፈትኩ» አለቻት። ውሸቷን አልነበረም፤ ማንጎራጎሯን በእርግጥ አታውቀውም ነበር። አጣቢዋ ሁለተኛ አልጠየቀቻትም፤ ዘፈን የሚባል ነገር ሲነሳ ተኳሿ ፊቷ እንደሚለዋወጥ ታውቃለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባሏ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው፣ ቃል ከአፉ የሚወጣው ተለምኖ ነው። ጓደኛው ግን፣ ያ ስም አውጪው፣ የሁለቱንም ድርሻ ይናገር ነበር። የዚያው አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነው። እሱንም ሰዉ «ፉጨት» ይለዋል፤ ተሳፋሪ ገብቶ ሲያልቅ ኋላ በር ላይ ሆኖ ያፏጫል፣ ሹፌሩም ፉጨቱን ሲሰማ ያንቀሳቅሳል። ዕድሜያቸውን በአንድ አውቶቡስ ላይ ስለጨረሱ ሹፌሩ ዞር ብሎ ማየት እንኳ አያስፈልገውም ነበር።

ሁለቱን ከአውቶቡሱም በላይ ያስተሳሰራቸው ሸክላ ነው። የድሮ ሸክላ ሙዚቃ፤ ሶል፣ ፈንክ፣ ጎስፔል የሚባሉት የዘፈንና የመዝሙር ስልቶች። የተገኘውን ሁሉ አይሰበስቡም። የሚፈልጉት ቤዝ ጊታሩ ወለል የሚያስመታ፣ ትራምፔቱ ከወንበር የሚያስነሳ፣ ቃሉ ግን ጆሮውን ጣል ላደረገ ሰው ተስፋ አትቁረጥ፣ ይቅር በል፣ ብቻህን አይደለህም የሚል ነው። እያዋጡ ስለሚገዙ የእኔ የአንተ የሚባል ነገር አልነበረም። ሳጥኑ ማጫወቻው ባለበት በሹፌሩ ቤት ይቀመጣል፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ ፉጨት ይመጣና ሁለቱ ሳሎን ይሰየማሉ። ተኳሿ ደግሞ ጓዳ ገብታ የቤቱን ልብስ ትተኩሳለች። ግድግዳው ስስ ነው፤ እሷ እየተኮሰች፣ እነሱ እየሰሙ፣ እንዲህ ሆነው ብዙ እሁዶች አለፉ።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት አንድ ሸክላ ነበር። ቤዙ ብቻውን ይጀምራል፣ ድራሙ ቀስ ብሎ ይከተላል፣ ትራምፔቱ ይገባል፣ ከዚያ አንዲት ሴት መዘምራን አስከትላ ታዜማለች። ከቤቱ ኮብልሎ የሄደ ሰው ተመልሶ መጥቶ ደጅ ቆሟል፤ አፍሮ ማንኳኳት አቅቶታል። ከውስጥ ድምፅ ይመጣል፦ በሩ አልተቆለፈም፣ ግፋው። ዘፈኑ ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ፉጨት ግን አውቶቡስ ላይ ሳይቀር ይዞት ይሄድ ነበር። ፌርማታ ላይ በሩ ሲከፈት «አልተቆለፈም፣ ግቡ!» እያለ በዜማ ይጣራል፤ ሥራ የረፈደበት፣ ግንባሩን የቋጠረ ሰው ሳይቀር ስቆ ይገባ ነበር።

ታዲያ በመሃል ተኳሿ አንድ የሴቶች የጸሎት ማኅበር ገባች። ማኅበሩ ጥብቅ ነበር፤ የማኅበሩ እናት የሚባሉት ሴትዮ ከከበሮ በላይ የሚጮህ ነገር ሁሉ ከጠላት ነው የሚሉ ነበሩ። አንድ እሁድ ተኳሿ እኒያን ሴቶች አስከትላ ወደ ቤቷ ስትገባ ፉጨት ሳሎኑ መሃል ቆሟል። ዓይኑን ጨፍኗል፣ ትከሻና ዳሌው ከቤዙ ጋር ይወዛወዛል፣ እንባው ደግሞ በጉንጩ ይወርዳል። እንባውን ያየ ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ዳሌውን አዩ። ተኳሿ በእፍረት ፊቷ ደም መሰለ።

«እግዚአብሔር በዳሌ አይመሰገንም። ይሄን ነገራችሁን ከቤቴ አውጡልኝ» አለች፤ ድምፅዋ ሴቶቹ እንዲሰሙት ሆን ተብሎ ከፍ ያለ ነበር።

ፉጨት መርፌውን ራሱ አነሳ። ሸክላውን በልብሱ ጫፍ ጠረግ አድርጎ ማኅደሩ ውስጥ ከተተውና «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመቤት» አላት። አንቺ እያለ ሲቀልድባት የኖረው ሰው እርስዎ ያላት ያን ቀን ነው። ኮቱን ለብሶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ሲሰጣት ከአጥር ውጪ ሆኖ ነው፣ ሁልጊዜም እርስዎ እያለ። ባሏ በዚያው ምሽት ሳጥኑን ተሸክሞ መሰላል አቆመና ከቆርቆሮው ሥር ያለው ቆጥ ላይ ሰቀለው። አንድ ቃል አልተናገረም። እሷ ለጭቅጭቅ ተዘጋጅታ ነበር፤ ዝም ሲል ጊዜ የተስማማ መሰላት። ዝም ያለ ሁሉ የተስማማ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፣ እሷም አንዷ ነበረች።

ማኅበሩ በመጋረጃ ቀለም ተጣልቶ ተበተነ። አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ በሚል ሴቶቹ ለሁለት ተከፈሉና አንዷ ሌላዋን ደግማ አላየቻትም። ተኳሿም ቀስ በቀስ ቀድሞ ወደነበረው ጠባይዋ ተመለሰች፤ ሳጥኑ ግን ከቆጡ አልወረደም። እሷ ለማንሳት ኩራቷ አልፈቀደላትም፣ እሱ ለመጠየቅ ጠባዩ አልፈቀደለትም። ማጫወቻው ጨርቅ ለብሶ የአበባ ማስቀመጫ ጠረጴዛ ሆነ። ሁለቱ ወንዶች በአውቶቡሱ ላይ ሳሉ ቢያንስ ፉጨቷ ነበረች፤ ጡረታ ሲወጡ እሷም ቀረች።

በቅርቡ አንድ ከሰዓት በኋላ ባሏ ከውጪ ገባና ጫማውን አውልቆ መወልወል ጀመረ። ወለወለው፣ አስቀመጠው፣ መልሶ አነሳው፣ እንደገና ወለወለው። ጫማው እንደ መስታወት ሲያበራም አልተወውም። ተኳሿ አየት አድርጋው ምን ሆነሃል አለችው።

«ፉጨት ሊሄድ ነው» አላት።

ወዴት እንደሆነ ስትጠይቀው ነገሩን በቁርጥራጭ ነገራት። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው፣ ሩቅ ከተማ ያለችው ልጁ እዚህ አትቀርም ብላዋለች፣ በሚቀጥለው ሳምንት መኪና ይዛ ትመጣለች፣ ለዘለቄታው ነው። ይህን ሁሉ ከተናገረ በኋላ ብሩሹን ይዞ ቆየና «አንድ እሁድ እንኳ…» ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም። ጫማውን ይዞ ወደ ውጪ ወጣ።  ያ ሁሉ ዘመን ዝምታው ስምምነት እንዳልነበረ ለተኳሿ የገባት ያኔ ነው፤ የገዛ ባሏን ጓደኛውን እንደቀማችው ተሰማት።

በማግስቱ እሱ ወጣ ሲል መሰላሉን አቆመች። ወደ ቆጥ መውጣት ለጉልበቷ የሚመከር አልነበረም፤ ግን ወጣች። ሳጥኑን ስትከፍተው ደነገጠች። የቆርቆሮው ግለት ስንት በጋ ሲቀቅላቸው ኖሮ ሸክላዎቹ ተጣመው ነበር። አንዳንዱ እንደ ሳህን ጎድጉዷል፣ አንዳንዱ ጠርዙ ተነስቷል። ከዚያ ግን ወዲያው ተጽናናች። የተጨማደደ ነገር ማቃናት ሥራዋ ነዋ፤ በዓለም ላይ ይህ ነገር ለማን ቢመጣ ይሻላል ብላ ራሷን ጠየቀች። ሸክላዎቹን በአንሶላ ጠቅልላ ወደ ላውንድሪው ወሰደቻቸው።

በምሳ ሰዓት፣ ሌላው ሁሉ ወጣ ሲል፣ መጀመሪያ ያነሳችው ያንኑ የሚወዱትን ሸክላ ነው። እሱን ቀድማ ካዳነች ሌላው ቀላል ነው ብላ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አደረገችበት፣ ካውያውን በሐር ሙቀት ላይ አደረገችና እንደ ኮሌታ ከዳር ወደ መሃል ገፋችው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆም አደረገችው። እንፋሎቱ ፍሽ አለ፣ የማታውቀው ሽታ መጣ፣ ሸክላውም ልስልስ ብሎ እጇን ታዘዘ። ጨርቁን ስትገልጠው ተቃንቷል። ቀጥ ብሏል። ደስ አላት፤ አጣቢዋ ከምሳ ስትመለስ አነሳችና አሳየቻት።

አጣቢዋ ሸክላውን ወደ ብርሃን አቅርባ አገላብጣ ካየችው በኋላ «ቆንጆ ነው፣ ሸሚዝ መስሏል» አለች።

ይህን ስትል ተኳሿ ትክ ብላ አየችው። እውነትም ሸሚዝ መስሏል። በዙሪያው ሲሽከረከሩ የነበሩት፣ ድምፁን የያዙት ቀጫጭን መስመሮች የሉም፤ በእነሱ ፈንታ የጨርቁ ሽመና ከነክሩ ታትሞበታል። በጣቷ ዳሰሰችው። ማታ ባሏ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ አበባውን አንስታ፣ የማጫወቻውን ጨርቅ ገልጣ፣ መርፌውን አስቀመጠችበት። ሽሽሽሽ አለ። ገልብጣ ሞከረች። ሽሽሽሽ። ቤዙ የለም፣ ሴትዮዋ የለችም፣ በሩም የለም። ተኳሿ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ባሏን የበደለችው አንሶ አሁን ደግሞ ይቅርታ የምትጠይቅበትን ነገር በገዛ እጇ አጥፍታው ነበር።

ተስፋ ግን አልቆረጠችም፣ ወይም ተስፋ ለመቁረጥ ጊዜ አልነበራትም። የቀሩትን በካውያ አልነካቻቸውም። ከላውንድሪው አሮጌ የማሳያ መስኮት የተረፉ ሁለት ሰፋፊ መስታወቶች ነበሩ፤ የሚችሉትን ያህል ሸክላ ጎን ለጎን ደርድራ በሁለቱ መሃል አስገብታ ውኃ ከሚያሞቀው ቦይለር በላይ ያለው ፎጣ የሚደርቅበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው፣ ከላዩም የሆቴል አንሶላ ቁልል ጫነችበት። ልብሱ ሲታጠብ ውሎ ቦይለሩ ጠፍቶ ቀስ ብሎ እስኪበርድ ድረስ አትነካውም። ሲወጣ ተቃንቶ ይወጣል። ሁሉም አልዳኑም፤ አንዳንዱ መርፌውን እንደ ጀልባ ከፍ ዝቅ ያደርገው ነበር። አብዛኞቹ ግን ዳኑ።

የዳኑትን ባሏ በማይኖርበት ሰዓት ታጫውታቸው ነበር። ደግነቱ በዚያ ሳምንት ባሏ የእግር ጉዞ አብዝቷል፤ ጠዋትም ማታም ይወጣል። መጀመሪያ ለመሞከር ብቻ ነበር የምትከፍታቸው። ኋላ ግን እየተቀመጠች መስማት ጀመረች። ያ ዳሌ የሚያስወዛውዝ ቤዝ ከላዩ ተሸክሞት የነበረው ቃል ምን እንደሆነ ቀና ብላ ስትሰማው አፈረች። አንዱ የበደለህን ሰው ዛሬውኑ ሄደህ ሰላም በለው ይላል። ሌላው ከመኝታህ የተነሳኸው በራስህ ጉልበት አይደለም፣ አመስግን ይላል። የማኅበሩ እናት ሰዓት ሙሉ ተናግረው ያልጨረሱትን አንዱ ሸክላ ትራምፔቱ ሁለቴ እስኪጮህ ይጨርሰዋል። ሳቋ መጣ። የበለጠ ያስደነቃት ግን ሌላ ነው፤ ዘፋኙ ቃሉን ሳያወጣው አፏ ቀድሞት ያወጣዋል። ሁሉንም ታውቃቸዋለች። ጓዳ ሆና፣ ካውያ ይዛ፣ አልሰማም እያለች ስትሰማቸው ኖራለች።

እሁድ ሊደርስ ሲል ፉጨት ቤት ሄደች። በሩ ላይ አገኘችው፤ ካርቶን በገመድ ያስራል። ሲያያት ቀና ብሎ «ይግቡ» አላት። አልገባችም። ሰላምታውን አሳጥራ፣ ያን ጊዜ የተናገርኩት ልክ አልነበረም አለችው። አልፏል እኮ ሲላት ለእኔ አላለፈም አለችና እሁድ ና፣ ሸክላዎቹ ወርደዋል ብላ ነገሩን ጨረሰች። ፉጨት ገመዱን ለቀቀው።

«ያቺም አለች?» አላት።

 «አለች» አለችው። ሸክላዋ በእርግጥ አለች፤ የሌለው ድምፅዋ ነው።

 ፉጨት ጆሮው እንደ ድሮው እንዳልሆነ፣ ሐኪሙም ቀስ በቀስ እየባሰበት እንደሚሄድ እንደነገረው አጫወታት። ሳይዘጋብኝ አንዴ ብሰማት ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን እግዚአብሔር ያለው ይሆናል አላት። እመጣለሁ አላለም፣ አልመጣም አላለም። ተኳሿ ወደ ቤቷ ስትመለስ ቢመጣም ጭንቅ፣ ባይመጣም ጭንቅ ሆኖባት ነበር።

እሁድ ጠዋት ለባሏ እንግዳ አለብን አለችው። ማን እንደሆነ አልጠየቃትም። ማጫወቻው ላይ ያለውን አበባ አነሳና መስኮቱ ላይ አስቀመጠው፣ ከዚያ ወንበሮቹን ልክ በድሮ ቦታቸው ሁለቱን ጎን ለጎን አደረጋቸው። ሸክላዎቹን አንድ በአንድ ከሳጥኑ አወጣቸው። ተኳሿ ስለዚያች አንዲት ሸክላ ልትነግረው ሁለቴ አፏን ከፍታ ሁለቴም ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ ፉጨት መጣ። አጥሩን አለፈ፣ ግቢውን አለፈ፣ ደፉ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ባሏ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ተኳሿ «ግባ እንጂ» አለችው። ገባ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደ ባለጉዳይ ቁጭ አለ፤ እሷም ቶሎ ብላ ጓዳዋ ገብታ ካውያዋን ሰካች። ልብስ ለመተኮስ አልነበረም። እጇ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነው።

የመጀመሪያው ሸክላ ተጫወተ። ከዚያ ሁለተኛው። በግድግዳው በኩል መጀመሪያ የአንድ ሰው እግር ወለሉን ሲመታ፣ ቀጥሎ ሌላ እግር ሲጨመር ሰማች። ጀልባ የሚያደርገው ሸክላ ሲመጣ ሳቁ። ፉጨት የሆነ ነገር ተናገረ፣ ባሏ መለሰ፣ ከዚያ ባሏ ሳይጠየቅ ሌላ ነገር ተናገረ። ሳይጠየቅ ሲናገር ከሰማች ስንት ዓመቷ ነው። ደስ አላት፤ ደግሞ ፍርሃቱ አለ። የምትፈራውም መጣ፤ ፉጨት «በል እንግዲህ፣ ያቺን» አለ።

ማኅደሩ ሲከፈት ተሰማት። መርፌው አረፈ። ሽሽሽሽ።

ባሏ መርፌውን አንስቶ እፍ አለበት፣ መልሶ አስቀመጠው። ሽሽሽሽ። ድምፁን ከፍ አደረገ። የዚያ ቀን ሽታ እንኳ ሳይቀር የመጣ እስኪመስላት ተኳሿ ካውያውን ጨምድዳ ያዘችው። በበሩ ክፍተት ስታይ ባሏ ማጫወቻው ላይ አጎንብሶ የሚያየው ማሽኑን ነው፣ ሸክላውን አይደለም። ከዚያ የፉጨት ድምፅ መጣ፣ ዝቅ ብሎ፣ እንደ ፈራ ሰው።

«እየተጫወተ ነው አይደል? እኔ ነኝ ያልሰማሁት? ጆሮዬ ነው?»

 ተኳሿ ይህን መቻል አቃታት። ለመናዘዝ ወደ ሳሎን ልትሄድ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ንስሐ አልነበረም። ግድግዳው ላይ ግንባሯን አስደግፋ ቤዙን በአፍንጫዋ አንጎራጎረችው፣ ዱም ዱም፣ ዱዱም።  የድራሙን ቦታ በመዳፏ ጠረጴዛውን እየመታች አሳለፈችው፣ ትራምፔቱ ጋ ስትደርስ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ከዚያ አፏን ከፈተች። ድምፅዋ የእርጅና ነው፣ ይሰባበራል፣ ቃሉ ግን አንዱም አልጎደለም። ደጅ የቆመውን ሰው አመጣችው፣ ማፈሩን አመጣችው፣ መዘምራኑ የሚመልሱትን ራሷ መለሰችው። «በሩ አልተቆለፈም» ስትል እየዘፈነች ሳሎን ደርሳ ነበር።

ፉጨት ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል። ባሏ አፉን ከፍቶ ያያታል። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ግን፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ ቤዙን ከደረቱ አወጣው። ፉጨትም እጁን ጨብጦ አፉ ላይ አድርጎ ትራምፔቱን ያዘ። ሸክላዋ ከጎናቸው ሽሽሽ እያለች ትዞራለች፣ እነሱ ደግሞ ከእሷ ጋር ይዞራሉ። ተኳሿ ዳሌዋ መወዛወዙን ያስተዋለችው ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው።

ትንፋሿ እስኪመለስ ጠብቃ «ተኮስኳት» አለች።

«ምኗን?» አለ ባሏ።

«ሸክላዋን። በእርጥብ ጨርቅ። ተጣማ ነበር፣ ላቃናት ብዬ።»

ባሏ ሸክላዋን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረባት። የጨርቁን ሽመና አየ፣ ለፉጨት አቀበለው፣ ፉጨትም አየ።  ከዚያ ፉጨት ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ባሏ ተከተለው፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ ከወንበር እስኪወድቁ ድረስ።

«ዕድሜ ልክሽን መስመር ስታወጪ ኖረሽ» አለ ፉጨት እንባውን እየጠረገ፣ «የእኛ ላይ ስትደርሺ አጠፋሽው?»

አንቺ አላት። ተኳሿ ቀልዱን ትታ እሱን ብቻ ሰማች፤ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ቆመች።

ለመሄድ ሲነሳ ባሏ የዳኑትን ሸክላዎች በሙሉ ውሰድ ብሎ ለመነው። ፉጨት እምቢ አለ። አንዷን ብቻ፣ የተተኮሰችዋን ስጠኝ አለው። ምን ያደርግልሃል ሲሉት ሌሎቹ በየትም ይገኛሉ፣ እንዲህ ያለች ግን በዓለም ላይ ሌላ የለችም አለና በኮቱ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ አድርጓት ወጣ። ማታ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ተኳሿ ባሏን፣ ሳጥኑን ማውረዴን መቼ ነው ያወቅከው አለችው። መሰላሉን ያለቦታው ያየሁ ቀን አላት፤ ቤቱን ልልቀቅልሽ ብዬ ስዞር ጫማዬ አለቀ እኮ ብሎ ሶሉን ገልብጦ አሳያት።

ፉጨት ወደ ልጁ ከሄደ በኋላ የእሁዱ ከሰዓት ጭር አለ። ባልና ሚስቱ አሁን አንድ ላይ ሳሎን ተቀምጠው ሸክላ ይሰማሉ፤ የመተኮሻ ጠረጴዛዋም ከጓዳ ወጥቶ ወደ ሳሎን ገብቷል። የፉጨት ወንበር ግን እዚያው ነው፣ ማንም አይቀመጥበትም። ጆሮው እንዴት ሆኖ ይሆን እያሉ ያነሱታል፣ ደውለው ለመጠየቅ ይፈራሉ።

እንዲህ ባለ አንድ እሁድ ስልኩ ጠራ። ተኳሿ ሸሚዝ ጀምራ ነበር፤ ካውያውን አቁማ አነሳችው።

«ተኳሿ ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?»

የሚመልስላት የለም። መስመሩ ሽሽሽ ይላል። ሃሎ፣ ሃሎ አለች፣ ሽሽታው አሁንም አለ። ልትዘጋው ስትል ግን ጆሮዋ ለየው። ሽሽታው እየዞረ ነው፤ በየዙሩ የሆነ ቦታ ላይ ጠቅ ይላል፣ ልክ ካውያው ጨርቁ ላይ ቆም ያለበት ቦታ። ፉጨት እዚያ ከሆነ ቦታ ማጫወቻ አግኝቷል። ሸክላዋን ከፍቶ እየጠበቃት ነው።

ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ፣ የሸሚዙ ኮሌታ አጠገብ አስቀመጠችውና ባሏን ጠራችው።

«ና፣ ቤዙ ያንተ ነው» አለችው።

መጥቶ አጎነበሰ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ግን አልጀመረም። ወደ ስልኩ እያየ ጠበቀ። ተኳሿ ምን እንደሚጠብቅ ልትጠይቀው ስትል ከሩቅ፣ ከሽሽታው ማዶ፣ ያ የኋላ በር ፉጨት ተሰማ። ሹፌሩም ቤዙን አንቀሳቀሰ።